ሃያ አቡነ ዘበሰማያት

ስልኩ ሲጮህ ምስር እየለቀምኩ ነበር። በማለዳ የሚደወል ስልክ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም፤ የጥሩወርቅን ድምፅ ስሰማ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረግሁት። ጥሩወርቅ ደባርቅ ያለችው የጋሽ እንዳላማው ልጅ ናት።

«እትዬ የሺ፣ አባባ አረፈ» አለችኝ።

አለቀስኩ። ሰማንያ አልፎታል፣ ዕድሜ ጠግቧል፣ ልጅ ድሯል የሚባለውን ሁሉ አላልኩም። እኔ ጎንደር፣ እሷ ደባርቅ ሆነን በስልክ ተላቀስን። በመጨረሻ አፍንጫዋን ጠራርጋ «አንድ ነገር ቸግሮን ነው» አለች። «ለለቅሶው የሚቀመጥ ፎቶ አጣን።»

«የማን ፎቶ?»

«የእሱ ነዋ! ቤቱን ገለባብጠን ፈለግን። የአገሩ ሰው ሁሉ ፎቶ አለ፤ የእሱ ግን አንድም የለም። በሠርጌ ቀን እንኳ ከካሜራው ኋላ ነበር።»

«መታወቂያውስ?»

«ገበያ ላይ ከነቦርሳው ከጣለው ዓመት አለፈው። ሌላ አውጣ ስንለው ነገ፣ ነገ።»

ከእንባዬ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን «ወደዚህ እይ» ሲል የኖረ ሰው፣ ራሱ አንድ ቀን ወደዚያ ሳያይ ሞተ! ጋሼ እንዲህ ነው፤ ሞቱም ያስቃል።

«እኔ ጋ አንድ አለ» አልኳት። «ፊቱ ግን አይታይም።»

ሐዘን አእምሮዬን የነካኝ ሳይመስላት አልቀረም። ነገ ይዤው እመጣለሁ ብያት ስልኩን ዘጋሁ።

በደርግ ዘመን ደባርቅ ላይ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ የጋሽ እንዳላማውን ድምፅ ያውቀዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ላይ ሁልጊዜ ጥቁር ጨርቅ ጣል ያደረገ ሰው ነበር። በርጩማው ላይ ያስቀምጥህና አገጭህን በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ «አትነቃነቅ» ይልሃል። ቀጥሎ «አትተንፍስ» ይላል። ካመነታህ «የሚወስድብህ የለም፤ ትንፋሽህን ኋላ ታገኘዋለህ» ብሎ ይጨምርልሃል። የተነቃነቀ ሰው ካጋጠመው ግን አይምርም፤ «ወንድሜ፣ እግዜር የሰጠህን ፊት ራስህ ደመሰስከው እኮ!» ብሎ ይቆጣል።

እኔ ያኔ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የእሱ ፎቶ ቤት መንገዱን ተሻግሮ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ነው። መታወቂያ ያልያዘ ሰው ገበያ ለመውጣት እንኳ የሚፈራበት ጊዜ ስለነበር የገጠሩ ሰው ይጎርፍልን ነበር። እሱ ፊታቸውን ያነሳል፤ እኔ ስማቸውን እጽፋለሁ፣ ሙጫ ቀብቼ ፎቶውን እለጥፋለሁ፣ ማኅተም አስመታለሁ። እንዲህ ስንሠራ ስድስት ዓመት ሞላን።

አንድ ቀን ከጃናሞራ የመጣ ሞላ የሚባል ገበሬ በርጩማው ላይ ተቀምጦለታል። ጋሼ «አትተንፍስ» እንዳለው አንድ ውሻ ዘው ብሎ ገብቶ የካሜራውን እግር ያሸታል። ጋሼ ውሻውን እያባረረ ወጣ፤ በዚያው ከጎረቤቱ ጋር ወሬ ያዘ። እኔ የታጠቡ ፎቶዎች ልቀበል ስገባ ሰውዬው ዐይኑ ፈጧል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ላቡ ይንቆረቆራል።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው ሊሞትብዎት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እየሮጠ ተመለሰ። «ተንፍስ እንጂ ወንድሜ! ማን ከለከለህ?»

«እርስዎ ነዎታ!» አለ ሞላ፣ ነፍሱ ስትመለስለት።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሞላ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሄደ በኋላ ግን ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ያለ ሰው ነው እኔ የምፈልገው» አለኝ፤ የምሩን ነበር።

ጋሼ ልጅነቱን የጨረሰው በቆሎ ተማሪነት ነው። ዜማ ቤት ድረስ ዘልቆ፣ ኋላ ጎንደር ከአንድ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሮ ሙያውን ለመደ። ከየኔታው ደጅ ይዞት የወጣው አንድ ልማድ ነበር፤ ጊዜን የሚለካው በጸሎት ነው። ፊልም ሲያጠብ ሰዓት አያይም። ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ይገባና ፊልሙን በሁለት እጁ ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ መድኃኒቱ ባለበት ሳህን ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያሳልፈዋል፤ አፉ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። በሚያዝያ ሙቀት አሥራ አምስት ይበቃል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ውኃውን ስለሚያሰንፈው ሃያ ይላል። ከውጭ ሆኖ ሲያነበንብ የሰማው ሁሉ ጻድቅ ይመስለው ነበር። ኧረ ወዲያ! ሰውዬው ሥራው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ሰዓት አይገዙም?» ብዬው ነበር አንዴ።

«ሰዓት ካልሞሉት ይቆማል፤ አቡነ ዘበሰማያት ቆሞ ያውቃል?» አለኝ።

ሰማይ ማንሳት የጀመረው በስንፍና ነው፤ ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ተማሪ ሳለ የኔታው በሌሊት ወጥተው ወደ ሰሜን እያሳዩ «ያቺን ኮከብ አየሃት? እሷ አትነቃነቅም፤ ሌሎቹ በሬ አውድማ ላይ እንደሚዞር ይዞሯታል» ይሉት ነበር። እሱ ስንት ሌሊት አንጋጦ ቢጠብቅ ሲዞሩ አላያቸውም። ቀና ሲል አንድ ቦታ ናቸው፣ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ሌላ ቦታ ናቸው፤ ሲሄዱ ግን አይያዙም። ይህ ነገር ሲከነክነው ኖረ። ፎቶ አንሺ ከሆነ በኋላ አንድ ማታ ካሜራውን ጓሮው ውስጥ ወደ ሰሜን አዙሮ ዐይኑን ከፈተው። ጥቂት ልጠብቅ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ፤ እንቅልፍ ጣለው። ዶሮ ሲጮህ ደንግጦ ነቅቶ ዘጋው። ፊልሙን ሲያጥበው ኮከቦቹ እያንዳንዳቸው የሄዱበትን መንገድ ሥለው አገኛቸው፤ ክብ፣ በክብ ላይ ክብ፣ መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ቆማ።

«የኔታ አልዋሹኝም!» እያለ ሮጦ መሥሪያ ቤታችን የገባበትን ጠዋት አልረሳውም። ፎቶውን አሳየኝ። እኔ ሞኟ «ምነው ጋሼ፣ ፊልሙ ተጫረብዎት?» አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ጓሮው ነው። ቤቱ ከከተማው በሰሜን ጫፍ ስለሆነ ከአጥሩ ወዲያ ሌላ ቤት የለም። ባትሪው እንዳይበራበት መስታወቱን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በዚያች ቀይ ብርሃን ካሜራውን ያስተካክላል። በእኛ አገር ያቺ ኮከብ ዝቅ ብላ ነው የምትታየው፤ ከሊማሊሞ ገደል አናት ጥቂት ብቻ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ካሜራው ሁልጊዜ የሚያየው ወደ ሊማሊሞ ነው። ከሊማሊሞ ወዲያ ደግሞ በዚያ ዘመን «ወንበዴ» የሚባሉት ነበሩ። ይህ ነገር ለእሱም ለእኔም ትዝ አላለንም። አይ የዋህነት!

የአውራጃው ካድሬ ጓድ ፈንታሁን ይባል ነበር። ወጣት፣ ቁመተ መለሎ፣ አነጋገሩ እንደ ጋዜጣ። አገሩን ሲጠየቅ «ጎንደር ከተማ» ይላል፤ ዘመዱን ያየ ሰው ግን የለም። መንገድ ላይ ቄስ ካጋጠመው ፊቱን ያዞራል። አለቃዬ ስለነበር ንግግሩን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ «አድኃሪ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደመታሁት ጣቴ ይመስክር።

በኅዳር መባቻ ሊማሊሞ መንገድ ላይ የወታደር መኪና ተመታ። ከተማው በፍርሃት ጭጭ ባለበት በዚያው ሳምንት ጓድ ፈንታሁን ለቢሮው የሚሰቀል ፎቶ ሊነሳ ጠባቂውን አስከትሎ መጣ። እኔም ኮቱን ይዤ አብሬ ነበርኩ። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ፣ ጋሼ የሰቀለው የክቦቹ ፎቶ ላይ ዐይኑ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰማይ ነው፣ ጓድ» አለ ጋሼ።

«ሰማይ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰማይ የለም።»

«ቁጭ ብሎ ለጠበቀው አለ።»

ይህቺ መልስ ናት ጉድ ያደረገችን። ጋሼ ያየውን ነገር አየሁ ለማለት ሰው አይፈራም።

ጓድ ፈንታሁን ከበርጩማው ተነሳ። «የት ሆነህ ነው ያነሳኸው?»

«ጓሮዬ።»

«ወዴት አዙረህ?»

«ወደ ሊማሊሞ።»

ጠባቂው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሌሊት ለጥበቃ ሮንድ ሲዞር ከዚህ ሰውዬ ጓሮ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ሁለት ሌሊት ማየቱን ተናገረ። በቃ! ጓድ ፈንታሁን ነገሩን በአንድ አፍታ ገጣጠመው፤ መስመሮቹ ኮከብ አይደሉም፣ ባትሪ እየተወዛወዘ ለማዶ ሰዎች የተሰጠ ምልክት ነው። ጋሼን ቀኝ ኋላ ዙር አሉትና ወሰዱት። መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከአሮጌ ወንበሮች ጋር ቆለፉበት። ቅዳሜ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ነበር። በዚያ ዘመን ታስሮ ወደ ጎንደር የተጫነ ሰው፣ ስንቅ የሚቀበሉበትን በር እንኳ ቤተሰቡ አያውቀውም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓድ ፈንታሁን አብሮት የሚላከውን ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዘኝ። «በተጨባጭ ማስረጃ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ምን እንደገፋኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወረቀቱን ከታይፑ መዝዤ ቢሮው ገባሁ።

«ጓድ፣ ማስረጃ ከሆነ ለምን እንደገና አያነሳውም?» አልኩት። «እርስዎ ባሉበት። ባለፈው ስብሰባ ሳይንስ ማለት የሚፈተን ነው አላሉም? እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ገላመጠኝ። እናቴን፣ ደመወዜን፣ ዕድሜዬን ሁሉ አሰብኩ። በመጨረሻ «መስመሩ ካልወጣስ?» አለ።

«ቅዳሜ ይሂዳ» አልኩ። አንደበቴን በቆረጠው ብዬ ወዲያው ተጸጸትኩ።

እሺ አለ፤ የሰጠው ትእዛዝ ግን የሚያሰቅቅ ነበር። ጋሼ ካሜራውን ካስተካከለ በኋላ አይነካውም። ባትሪ አይዝም። ከካሜራው ፊት ለፊት፣ አምስት እርምጃ ርቆ፣ እጁ እየታየ ይቀመጣል። ፊልሙንም እሱ አያጥበውም፤ ጨለማ ውስጥ ገብቶ መስመሩን በመርፌ ሊጭረው ይችላል። «አንቺ ታጥቢዋለሽ» አለኝ። በሱቁ ውስጥ የቀረው ፊልም አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ፊልም አጥቤ አላውቅም።

በማግሥቱ ማታ ጨረቃ የለችም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጋሼ ካሜራውን መሬት ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል አንጋጦ አስቀመጠው። ከፍቶት ሲነሳ ለጠባቂው «ዋ! መስታወቱ ላይ እንዳትተነፍስ» አለው፤ ጠባቂውም ሳያስበው አፉን በእጁ ከደነ። ከዚያ ጋሼ ሄዶ ኮከቧ ከራሱ በላይ እንድትውል አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ትቀመጣለህ። ከተነቃነቅህ ይተኮሳል!» አለ ጓድ ፈንታሁን።

ጋሼ በጨለማው ውስጥ ሳቀ። «እኔን ነው አትነቃነቅ የምትለኝ?»

የኅዳርን የደባርቅ ብርድ ለማያውቅ ሰው አልነግረውም። እኔ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጠባቂው እግሩን ይቀያይራል። ጓድ ፈንታሁን ከካሜራው ኋላ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እጁን ያፍተለትላል፣ በየአፍታው ሰዓቱን በክብሪት ሊያይ ሲል እኔ «መብራት!» እላለሁ፤ መልሶ ይከተዋል። ጋሼ ግን በአንድ ጋቢ ብቻ እንደተቀመጠ ነው። አንገቱ አልዞረም፣ ትከሻው አልወረደም። አንድ ጊዜ ሞቶ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ጠባቂው ካሜራውን ዘጋ፤ ጋሼን እኔና እሱ ደግፈን አነሳነው፣ ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎት ነበር። ከዚያው ሳል ጀመረው።

ያን ሌሊት ካሜራው ጓድ ፈንታሁን ቢሮ ተቆልፎበት አደረ። ጠዋት ሦስታችንም ካሜራውን ይዘን ከጠባቂው ጋር ፎቶ ቤቱ ገባን። ጋሼ የታይፕ ሪባን አምጪ አለኝ፤ ዐይኔን አስጨፍኖ በሪባኑ አስለመደኝ፤ ጫፍና ጫፉን ይዤ፣ ከፍ ዝቅ፣ ሳላቆም። «ሪባን የምትቀይር እጅ ናት፤ ይህን አታጣውም» አለ። ድምፁ በሳሉ ተሰነጣጥቋል።

«ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው? በሰዓት ልያዝላት» አለ ጓድ ፈንታሁን።

«በደቂቃ ለክቼው አላውቅም፣ ጓድ። በሃያ አቡነ ዘበሰማያት ነው።»

የጓድ ፈንታሁን ፊት ተለዋወጠ። ጠባቂው ወደ ጣሪያ አየ። «በዚህ ቤት ጸሎት...» ብሎ ጀመረና ተወው። አንድ ፊልም ነው ያለው። ሲያንስ ምንም አይወጣም፣ ሲበዛ ይጠቁራል፤ ጋሼ ይህን ነግሮታል። በመጨረሻ ጠባቂውን «ውጭ ሆነህ ጠብቅ» ብሎ አስወጣው። «ከበሩ ውጭ ሆነህ ድገም» አለ ለጋሼ፤ «እኔ አጠገብህ ነኝ።»

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ። ፊልሙን ከካሜራው አውጥቼ ያዝኩት። «ጀምሬያለሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ ፊልሙን ቀዝቃዛው መድኃኒት ውስጥ አስገባሁት። ከበሩ ወዲያ ጋሼ ጀመረ፤ በግዕዝ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ። አንድ። እጄ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለት። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ሲደግም እጄም ልኩን ያዘ። ሰባት። አሥር። ለሰው ነፍስ እንዲህ ለክቼ የጸለይኩበት ሌላ ቀን የለኝም።

አሥራ አራተኛው መሃል ላይ ሳል ያዘው። ቃሉን ከመሃል ቆረጠው። ሊቀጥል ሞከረ፤ መልሶ አነቀው። ከዚያ ከሳሉ በቀር ምንም አይሰማም። እጄ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግን በምን ልለካ? እኔ ልድገም ብል የእኔ አፍ በድንጋጤ ይሮጣል፤ የእኔ አንድ የእሱ ግማሽ ነው። አለቀ፣ ጋሼን እኔ ገደልኩት አልኩ በልቤ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ድምፅ ቀጠለ።

ጋሼ ካቆመበት ቃል አንሥቶ ነው የቀጠለው፤ በጋሼ ልክ፣ በዚያው እርጋታ። ወፍራም ድምፅ ነው። ግዕዙ የጠራ፣ የንባቡን ተነሽና ተጣይ ለይቶ የሚያነብ፣ በልጅነቱ ለአንድ ፊደል የተገረፈ ሰው ንባብ ነው። ማን ገባ? ቄስ ጠሩ እንዴ? ብዬ አሰብኩ። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። ድምፁ መጀመሪያ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሥራ ስምንት ላይ ረጋ። ሃያኛው ላይ «አሜን» ሲል ጋሼ በጎረነነ ጉሮሮ «አውጪው!» አለ። ፊልሙን አወጣሁ፤ ምስሉን ወደሚያጸናው ሁለተኛ ሳህን አሳለፍኩት።

በሩን ስከፍት ውጭ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ደረቱን ይዟል። ጓድ ፈንታሁን ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ሌላ ሰው የለም።

ፊልሙን ውኃ እያንጠባጠበ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ጓድ ፈንታሁን ተጠግቶ አየ። መስመሮቹ አሉ፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በአንድ ወገን የዞሩ። ከሥራቸው የሰው ቅርጽ አለ፤ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ የመሰለ።

«አለ?» አለኝ ጋሼ ከግድግዳው ሳይነሳ።

«አለ ጋሼ! እርስዎም አሉበት!»

ጓድ ፈንታሁን ከመስኮቱ ራቀ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ፤ ቀስ ብሎ፣ እኔ እንዳልሰማ ያህል፣ «ሃያ ነው። አላጎደልኩም» አለው።

«አውቃለሁ፤ አብሬዎት እየቆጠርኩ ነበር» አለ ጋሼ።

«ይሂዱ ወደ ቤትዎ። ይህን ሳል ይታከሙት።»

ከሰኞ ጀምሮ «አንተ» ሲለው የሰነበተ ሰው ነው «ይሂዱ» ያለው። የጀመርኩትን ደብዳቤ ያን ዕለት ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ የጠየቀኝም የለም።

ጓድ ፈንታሁን ወደ ሌላ አገር ሊዛወር ሲል አንድ ቀን ብቻውን ፎቶ ቤቱ መጣ። ከኮቱ ሥር ነጠላ ይዞ ነበር። እሱን ለብሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና «ለእናቴ ነው፣ ጃናሞራ ላለችው» አለ። «የቄስ ሚስት ናት። በዚህ ልብስ ካላየችኝ አታምንም።» ጋሼ አገጩን በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ አይነቃነቁ አለው። ስለዚያ ፎቶ ከእኔ በቀር ለሰው አልተናገረም፤ እኔም ዛሬ ነው የምናገረው።

የሰማዩን ፎቶ አትሞ ለእኔ ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ ሰውዬው ጥቁር ሆኗል፤ ክቦቹ በራሱ ዙሪያ ነጫጭ ሆነው ይዞራሉ። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለኝ። «እኔ ብሰቅለው፣ እንዳላማው ራሱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አክሊል አደረገ ብለው ይስቁብኛል።»

ይህን ፎቶ ነው በማግሥቱ በቦርሳዬ ይዤ ሚኒባስ የተሳፈርኩት። ኮሶዬ ጉም ነበር፤ ዳባት ስንደርስ ገለጠ። ደባርቅ ድንኳኑ ሞልቷል። ጥሩወርቅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ፎቶውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻማው አጠገብ አቆመችው። ሰዉ ተጠጋግቶ አየ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አንድ አማቻቸው። «ፊቱ የታለ?»

«ጥቁር ነገር ለቅሶ ላይ ማቆም ደግ አይደለም» አለች ሌላዋ። ጥሩወርቅ ወደ እኔ አየች። ላስረዳ አፌን ስከፍት አንድ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ። ያ ትንፋሹን ይዞ ሊሞት የነበረው ሞላ ነው። ከጃናሞራ በዚያ ጉልበቱ መጥቷል። ጎንበስ ብሎ ፎቶውን አፍንጫው እስኪነካ አየው።

«ይህማ እንዳላማው ነው!» አለ። «ፊት ምን ይሠራል? እንዲህ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ታውቃላችሁ? እኛን አትነቃነቁ ሲል ኖሮ፣ ይኸው እሱም አልተነቃነቀም!»

ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ እያለፈ ፎቶውን ይሳለም ጀመር። አማቻቸውም ተሳለመ። ጥሩወርቅ እጄን ጨብጣ አልለቀቀችኝም።

ቄሱ ለማሳረጊያ ተነሱ፤ ሁላችንም ተነሳን። አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምሩ እጄን ከጥሩወርቅ እጅ አወጣሁ። ሳላስበው ሁለቱ እጆቼ ነጠላዬ ሥር ከፍ ዝቅ ይሉ ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ሳያቆሙ። አሜን ተባለና ሰዉ ሁሉ ተቀመጠ። እኔ ግን ገና አሥራ ዘጠኝ ይቀረኝ ነበር።